ስቶክሆልምን ያነበብኩላቸው ሰሞን

ባለፈው እሑድ ልጄ ሜሮን እዚህ አውስትራሊያ፣ ታርኔት ወዳለው ቤቴ መጥታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «ማሚ፣ ስቶክሆልም ቡክ አደረግሁ!» አለችኝ። ስልኳን ፊቴ ደቅና ፎቶ ታሳየኝ ጀመር፤ ቢጫና ቀይ ቤቶች፣ ድልድይ፣ ውሃ። «ያቺ ጠባብ መንገድ አሮጌው ከተማ ውስጥ ናት፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታሳልፍም» አልኳት። ገርሟት ቀና አለች። እኔ ስዊድንን ረግጬ አላውቅም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ እዚሁ ከተማ፣ ሜድስቶን ሰፈር ውስጥ ከእትዬ ወርቅነሽ ጋር አንድ ቤት እንኖር ነበር። ሱዳን በስደት ሳሉ እሳቸውን አውስትራሊያ፣ አንድ ልጃቸውን ደምሴን ደግሞ ስዊድን ተቀበለቻቸው። ዕጣ የሚባለው ነገር ካርታ ማንበብ አይችልም። ያን ክረምት ቪዛው ተመቶ፣ ቲኬቱ ተቆርጦ፣ ልጃቸውን ለማየት ጥቂት ቀን ቀርቷቸው ነበር። ደምሴ የላከላቸውን የቱሪስት መጽሐፍ ከሥራ ስመለስ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላቸዋለሁ።

አንድ ሐሙስ ከፋብሪካ ስወጣ የመረዳጃ ማኅበራችን ሽማግሌ ጋሼ ታደሰ ሰንሻይን ባቡር ጣቢያ ቆመው ጠበቁኝ። ፊታቸውን ሳይ «ምን ተፈጠረ?» አልኳቸው።

«ደምሴ ሥራ ላይ ወድቆ ሞተ» አሉኝ። «መርዶው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እስከዚያ ሰዉ ሁሉ ሺፍት ላይ ነው። እንዳትተነፍሺ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አብሬያቸው ነው የምኖረው!»

«ታዲያ ብቻቸውን ይስሙት? ሰው ከቧቸው ይሁን እንጂ። ስልኩንም ንቀይው።»

ነቀልኩት። ወጋችን ትክክል መሆኑን ዛሬም አምናለሁ፤ ያን ዕለት ግን ጠላሁት።

ዓርብ ስገባ ቤቱ በበርበሬና በሊጥ ሽታ ታፍኗል። እትዬ ወርቅነሽ ለደምሴ ዳቦ ቆሎ እየቆሉ ነበር። ሊጡን ልቁረጥልዎት ብላቸው «አንቺ አንብቢ» አሉኝ። ከተማዋ በደሴቶች ላይ መሠራቷን፣ ቤተ መንግሥቱ ፊት ዘብ ሲቀያየር ሰው እንደሚሰበሰብ፣ በበጋ ፀሐይ አልጠልቅ ብላ እንደምታመሽ አነበብኩ። ቀጥሎ የመጣውን ገጽ ልዝለለው ስል ሥዕሉን አዩት።

«ይቺስ?»

«የንጉሥ የጦር መርከብ ናት። በመጀመሪያ ጉዞዋ፣ ገና ከወደቡ ሳትርቅ ሰጠመች።»

«ሰው እያየ?»

«አዎ እትዬ። ሊሸኝ የወጣው ሁሉ ዳር ቆሞ እያየ።»

«ምን ያድርግ እሱስ» አሉና ዳቦ ቆሎውን አማሰሉ። ከዚያ ወደ ስልኩ ዞሩ። «ደምሴ ሊደውል ነበር። ይሄ ስልክ ምን ነካው?»

«ላይኑ ተበላሽቷል» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። እሳቸው ትኩሱን ዘግነው «ቅመሺ» ብለው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። ሳልቀምስ መጽሐፉን ዘጋሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር የለበሰ ሰው በሩን ሞልቶ ሲገባ፣ ማንም ሳይናገር ገባቸው። ጩኸታቸው ጎረቤቱን ሁሉ ከቤት አወጣ። እኔ ወገባቸውን ይዤ ከመቆም ሌላ ምንም አልቻልኩም። ከሰዓት በኋላ ለለቀስተኛው የሚቀርብ ሲያልቅ፣ ለደምሴ የታሰረው ዳቦ ቆሎ ተፈታ። ማን እንደፈታው አላውቅም፤ ሁላችንም ግን በላን።

እትዬ ወርቅነሽ በዚያው ቲኬት ሄዱ፤ ሄደውም ልጃቸውን ቀበሩ። ሲመለሱ ምንም አልጠየቅኳቸውም። ሻንጣቸውን ሳወርድላቸው ራሳቸው ጀመሩ።

«መርከቧን አየኋት። ጓደኞቹ ወሰዱኝ። ያን ሁሉ ዘመን ውሃ ውስጥ ኖራ፣ አወጧት እኮ።» ነጠላቸውን ሰብስበው «እኔ የኔን አፈር አልብሼው መጣሁ» አሉ።

እሳቸውም ካረፉ ቆዩ። ሜሮን አሁንም ስልኳን ይዛ ምን ምን ማየት እንዳለባት ትጠይቀኛለች። ተነሥቼ ወደ ኩሽና ሄድኩና ዱቄቱን አወረድኩ።

«ዳቦ ቆሎ እሠራለሁ፤ ይዘሽልኝ ትሄጃለሽ» አልኳት።

«ለማን?»

«እዚያ ሰው አለኝ» አልኳት። መቃብሩ የት እንደሆነ ግን እትዬ ወርቅነሽን ሳልጠይቃቸው ቀርቻለሁ።