ለእማማ ኢዲት የተረዳ መርዶ

ፀሐይነሽን ያወቅኳት እንደ ፈረንጆቹ በ1994 ውጭ አገር፣ ዋይትሆርን የሚባል ሰፈር አጠገብ ባለ የአረጋውያን ቤት የጠዋት ሺፍት አብረን ስንሠራ ነው። እኔንና የሥራ ጓደኛችንን ሙሉን ስትነጅሰን ትውላለች፤ አሮጊቶቹን ግን እንደ እናቷ ነበር የምታጥባቸው። ወንድሟ አገር ቤት ሞቶ ስምንት ወር ደብቀናታል። ያንን ይቅር አላለችንም፤ እውነቷን ነው።

ከምንንከባከባቸው አንዷ እማማ ኢዲት ነበሩ። ወንድማቸው ክላረንስ በ1931 በገዛ ገንዘቡ በገዛት ትንሽ አውሮፕላን ሲበር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ስንዴ ማሳ ላይ ወድቆ ሞቷል። ሲያረጁ መሞቱን ረሱት። ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር «ክላረንስ ደረሰ?» ይላሉ።

ሱፐርቫይዘሯ እውነቱን ንገሯቸው ብላናለች። ስለዚህ ሰሃን እያነሳን «እሱኮ ድሮ ሞቷል» እንላቸዋለን። እኔም ብያለሁ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። በየቀኑ እንደ አዲስ ይደነግጣሉ፣ ከዚያ ይረሱታል። ፀሐይነሽ ይህን ማየት አልቻለችም። አንድ ቀን «መንገድ ላይ ነው፣ ይመጣል» አለቻቸው።

ይህንን ግን አልረሱም። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ ከክላረንስ ጋር ነው የምበላው ብለው ምግብ እምቢ አሉ። በሦስተኛው ቀን ከአልጋ መነሳት አቃታቸው።

ፀሐይነሽ አውቶቡስ ውስጥ አለቀሰች።

«እኔን ያደረጋችሁኝን እኔም አደረግኳቸው» አለችን። «ሱፐርቫይዘሯ ራይት ናት፤ መነገር አለበት። ግን ሰው ተሰብስቦ፣ ቁጭ ተብሎ ነው እንጂ የምግብ ትሬይ እየሰበሰቡ አይደለም።»

በማግስቱ ሺፍታችን ሳይጀምር፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሦስታችንም ነጠላ ለብሰን ገባን። አልጋቸውን ከበን ተቀመጥን። ፀሐይነሽ እጃቸውን ያዘች።

«እማማ፣ ክላረንስ አውሮፕላኑ ወድቆ ሞቷል። ይመጣል ያልኩዎት ዋሽቼ ነው።»

አለቀስን፤ የማስመሰል አልነበረም። እኔ ለማላውቀው ፈረንጅ ጀምሬ ለፀሐይነሽ ወንድም ጨረስኩ። እሳቸውም እስኪወጣላቸው አለቀሱ። ከዚያ የቁርሱን አጃ ከፀሐይነሽ እጅ በማንኪያ በሉ።

ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን አለፈ። ሁላችንም ሥራችንን ትተን እሳቸውን አየን። እማማ ኢዲት ጣሪያውን አዩና ወደ በሩ ዞሩ።

«ለክላረንስ ያለቀሱት ሰዎች፣» አሉ፣ «ነገም ይመጣሉ?»

ፀሐይነሽ በሥራ ልብሷ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ነጠላዋን ልታመጣ ወጣች።