የጭነት መኪና ቀበቶ የታጠቀው ፈረስ

ጥምቀት አንድ ወር ሲቀረው፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ፈረስ ነከሰኝ። ትከሻዬን... ሸሚዜንና ሥጋዬን አንድ ላይ አድርጎ። እንዳታዝኑልኝ፣ የእጄን ነው ያገኘሁት።

ፈረሱ የአባቴ ነው። ከቡሬ ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌያችን የማያውቀው የለም። ስሙ ጎተራ ነው፤ ከፊትም እዩት ከኋላም እዩት ሆድ ብቻ ነው። ኮርቻ የሚባል ነገር እላዩ ላይ አይቆይም። ዓምና በጥምቀት ታቦቱ ከገባ በኋላ ከፈረሰኞቹ ጋር ሜዳው ላይ ስጋልብ ኮርቻው ዞረና ከሆዱ ሥር ተንጠለጠልኩ። አገር ሳቀብኝ። አባቴ ግን አልሳቀም፤ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ቤቱ ሄደ።

ዘንድሮ ቁርጡን ነገረኝ።

«ኮርቻው አሁንም ከዞረ ጎተራ ለጋሪ ይሸጣል። እኔ ሁለት ጊዜ አልዋረድም።»

ለጋሪ! ያን ፈረስ እናቱ ሞታበት በጡጦ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አስፋልት ላይ ብሎኬት ሲጎትት በዓይኔ መጣብኝና እንቅልፍ አጣሁ።

እኔ እንግዲህ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ከቡሬ ወደ ነቀምት መንገድ እህል አመላልሳለሁ። ሹፌር ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ማጥበቅ ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ኮርቻውን የሚይዘውን አሮጌውን ቀጭን የሆድ ጠፍር ፈትቼ ጣልኩና ከመኪናዬ የጭነት ማሰሪያውን ቀበቶ አመጣሁ... ያ በብረት እጀታው ቅጭ ቅጭ እያለ የሚወጠረውን።

አንድ ጊዜ ቅጭ አደረግኩት። ጎተራ ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ። ሁለተኛ ቅጭ ሳደርገው ሆዱን ነፋ። «ትነፋብኛለህ? ቆይ!» ብዬ በጉልበቴ ሆዱን መታሁት። ሦስተኛው ላይ አንገቱን አዞረና ትከሻዬን ዘነጠለው።

ደሜን ሳይ አበድኩ። ከአጥሩ አንድ እንጨት ነቅዬ አፍንጫው ላይ አሳረፍኩበት። ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ። ደገምኩት። እሱም ዞሮ በኋላ እግሩ አጥሩን ሰባበረው፣ የውሃውን በርሜል ገለበጠው፣ ቀጥሎ ጭኔን አገኘኝና ተዘረርኩ። እያነከስኩ ተነስቼ ለሦስተኛ ጊዜ ስሰነዝር እንጨቱ ከኋላዬ ተያዘ።

ጎረቤታችን አያ ታከለ ናቸው። ትውልዳቸው ከአዊ ነው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኮርቻ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰባን አልፈዋል፣ እጃቸው ግን ብረት ነው። በጥፊ አጮሉኝ።

«አንተ አውሬ! ምን አድርጎህ ነው?»

«ነከሰኛ!»

«ደግ አደረገ!»

በአገውኛ የሆነ ነገር እያሉ አንገቱን ዳበሱት፣ ቀበቶውንም እኔ እያሳየኋቸው ፈቱት። ጎተራ በረጅሙ ተነፈሰ። የፊት እግሩን አንሥተው ብብቱን አሳዩኝ። ቆዳው ተልጦ ቀይ ሥጋ ሆኗል።

«ይሄ የዛሬ እንዳይመስልህ። ያ ቀጭን ጠፍር ዓመት ሙሉ ሲገዘግዘው ነው የኖረው።»

አፈርኩ። እኔ ግን ሳፍር የሚብስብኝ ሰው ነኝ።

«ታዲያ ካልጠበቀ ይዞራላ!» አልኩ።

«እንዲያ ነው? በል ሸሚዝህን አውልቅ።»

አባቴ ጫጫታውን ሰምቶ ወጥቷል፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እያየን ነው። በእሱ ፊት የአያ ታከለን ቃል ማን እምቢ ይላል? አወለቅኩ። ቀበቶውን በብብቴ ሥር አዙረው አሰሩብኝ። ቦርጬን መታ መታ አደረጉና «አንተም የጎተራ ታናሽ ወንድም ነህ» አሉኝ።

ቅጭ። «ሩጥ!»

ሮጥኩ።

ቅጭ። «አሁንም ሩጥ!»

ክንዴን ባወዛወዝኩ ቁጥር ቀበቶው ብብቴን ይልጠኛል። ትንፋሼ አጠረ።

«ኧረ አያ፣ በቃ በማርያም!»

«ጎተራም በቃ ብሎህ ነበር» አሉና ሦስተኛውን ሊያጠብቁ እጃቸውን ሲሰዱ...

ነከስኳቸው።

እግዚኦ! የሰባ ዓመት ሽማግሌ! ክንዳቸውን፣ ደም እስኪወጣ። ምን እንዳደረግኩ ያወቅኩት ደሙን አፌ ውስጥ ስቀምሰው ነው።

አባቴ ዱላውን ይዞ ተነሣ። አንዱን ጀርባዬ ላይ አወረደው፣ ሁለተኛውን ሲያነሣ አያ ታከለ መሀል ገቡ።

«ተወው፣ አሁን ገብቶታል» አሉት።

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። እሳቸው ክንዳቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው የጎተራን ሆድ በገመድ ይለኩ ጀመር።

የጎተራ ቁስል እስኪደርቅ ጠብቀው ከሱፍና ከጥጥ ወርዱ ስንዝር የሚሞላ ለስላሳ መታጠቂያ ጎነጎኑለት። ብብቱ ጋ ሲደርስ ጠበብ ስለሚል ክርኑን አይነካውም። ኮርቻው እንዳይዞር ደረቱ ላይም ሌላ ማሰሪያ ጨመሩለት። ሲያስሩት ሁለት ጣታቸውን ከሥሩ አስገብተው አሳዩኝ። «የሚይዘው ስፋቱ ነው እንጅ ጥብቀቱ አይደለም» አሉኝ። ጎተራ ሆዱን አልነፋም።

በጥምቀት ጋለብኩት። ሜዳው ዳር ላይ በኃይል ሳዞረው ኮርቻው ንቅንቅ አላለም። አባቴ ከሰው መሀል ዱላውን ወደ ላይ አነሣልኝ፣ እኔም ፈረሱ ላይ ሆኜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጎተራ አይሸጥም።

አያ ታከለም እዚያው ነበሩ። ክንዳቸው ላይ ያለውን ጠባሳ ያየ ሁሉ «ምን ነክሶዎት ነው?» ይላቸዋል።

«ፈረስ ነው» ይላሉ፣ ወደ እኔ እያዩ። «የእነሱ ፈረስ።»

እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ጎተራ ምስኪኑ አንድ ሰው ነክሶ ሁለት ተቆጠረበት።