ማሰሪያ የሌለው ውሻ

ነገሩ የሆነው ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ቪላ እንደ አሸን በሚፈላበት ዘመን ነው። ዓመታት ቢያልፉም ያ ጠዋት ከአእምሮዬ አልጠፋም።

ከቤቴ ጎን ያለውን ግቢ አንድ ሰው ተከራይቶ ውሻ ማርባት ጀመረ። አዲስ ቤት የሠራ ሁሉ የጀርመን ውሻ ስለሚፈልግ ገበያው ደራለት። ሽታውና ጩኸቱ ለእኛ ተረፈ።

አንድ እሑድ ከውሾቹ አንዱ አምልጦ ወጣና ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱትን እማማ በላይነሽን ባታቸውን ዘነጠላቸው። እማማ በላይነሽ ሰፈሩ እርሻ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። የእብድ ውሻ መከላከያ መርፌ ጀመሩ። እኛም ተሰባስበን ቀበሌ ሄድን።

ኃላፊው በትዕግሥት አዳመጠን። «ውሻ ስለማርባትና ስለመሸጥ የወጣ ደንብ የለንም» አለ። «ባለቤት የሌለው ከሆነ ግን እናስወግዳለን።»

«ኧረ ባለቤት አለው! ቤቱንም ነገርንዎት እኮ» አልኩት።

«ገብቶኛል፤ እርምጃ እንወስዳለን» ብሎ ሸኘን።

ከሳምንት በኋላ ለሥራ ስወጣ የሰፈሩን ውሾች መንገዱ ላይ ተዘርረው አገኘኋቸው። መርዝ ያለበት ሥጋ ተጥሎላቸው ነበር። ከመካከላቸው ዳማ ብቻ ነፍሱ ገና አልወጣችም ነበር። ዳማ የማንም አልነበረም፤ ከየቤታችን ትርፍራፊ ይበላል፤ ማለዳ ማለዳ ታክሲ መያዣው ድረስ ይሸኘኛል። ወተት ይዤለት ሮጥኩ። መንጋጋው ገጥሞ ስለነበር አልወርድ አለው። እጄ ላይ ሞተ።

የውሾቹን ሬሳ የሚጭኑ የቀበሌው ሠራተኞች ሲመጡ እማማ በላይነሽ እያነከሱ ወጡ።

«እኔን የነከሰኝ ይሄ ነው እንዴ?» አሉ ወደ ዳማ እያመለከቱ።

«ምን ላድርግ እናቴ? ማሰሪያ የሌለውን ሁሉ አንሱ ተባልን» አለ አንደኛው፣ ቀና ብሎ ሳያያቸው።

ይሄኔ የአርቢው በር ተከፈተ። ቡችላ የገዛ ሰው በመኪና ሊወጣ ሲል የሬሳው መኪና መንገዱን ዘግቶበት ኖሮ ጥሩምባውን አንባረቀብን።

አርቢው በኋላ ቦሌ ቡልቡላ ሰፋ ያለ ግቢ ይዞ ሄደ ሲሉ ሰማሁ። የእማማ በላይነሽ ቁስል ድኗል። «ምነው ዝም ባልን ኖሮ» ይላሉ አንዳንዴ። መክሰሳችን ጥፋት እንዳልሆነ እነግራቸዋለሁ፤ አምንበታለሁም። ሆኖም ዛሬም አቤት ልል ስነሳ፣ ዱላው ማን ላይ ያርፍ ይሆን እያልኩ እግሬ ይከብደኛል።