የኮረብታውን መቃብር ያስከፈትኩት እኔ ነኝ

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ማን እንደሆንኩ ልናገር፤ የማያውቀኝ አንባቢ ኋላ ከማነሣቸው ሽማግሌዎች ጋር እንዳይደምረኝ።

የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በደሴ ወልድያ መንገድ ዳር ቆሜ፣ በጭነት መኪና ጀርባ ላይ የተጻፈውን እየለቀምኩ ነው። ሾፌሩ ሻዩን ሳይጨርስ እኔ መስመሩን እጨርሳለሁ። የውሃ ሞተር መጠገንም ማንም ሳያሳየኝ ነው የያዝኩት። በከተማችን ሐይቅ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ሞተሩ ሲቆምበት ዲፕሎማ ያለውን ትቶ እኔን ይጠራል። የመሬት አዋጁን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። በዚህ ወረዳ ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ካለ መጥቶ ይጠይቀኝ፤ እስካሁን የመጣ የለም።

ከከተማው በላይ፣ ወደ አምባሰል በሚያቀናው በኩል አንድ ኮረብታ አለ። የእኛ የእስላሞቹ መቃብር እዚያው ላይ ነው። ወታደር ሊሠለጥንበት ሲመጣ ኮረብታው ዙሪያውን በሽቦ ታጠረ። ለጊዜው ነው ተባለ። ሠልጣኞቹ ጨርሰው ሄዱ፤ ሽቦው፣ የካምፑ አዛዥና ጥቂት ጠባቂዎች ግን ቀሩ። ሰው ሲሞት ከመንገዱ ማዶ በተሰጠ ጭንጫ ላይ ይቀበር ጀመር። አገሩም ዝም አለ። የእኛ ሰው ቤቱ ገብቶ ሲያማርር ያድርና ጠዋት ወጥቶ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» ይላል። በዚህ ጠባዩ የሚኮራም አለ።

በዚያ ወራት ታላቅ እህቴ ታማ ተኝታ ነበር። ባሏ የተቀበረው ኮረብታው ላይ ነው፤ ከጎኑ ያለውንም ቦታ ለራሷ በድንጋይ ከልላ ነበር። አንድ ቀን ልጠይቃት ገባሁ።

«አንተ ሁሉን አውቃለሁ ባይ» አለችኝ።

«አቤት እትዬ።»

«ከዚያ ጭንጫ ላይ እንዳትጥሉኝ። ሰውየው ብቻውን ነው።»

«እኔ እያለሁ ማን ይጥልሻል?»

«አፍህማ እንደምትጠግነው ሞተር ነው። አጥሩን ክፈትና እንይህ።»

በማግስቱ ወረዳ ሄድኩ። ጉዳዩን የያዘው ወጣት ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «አባባ፣ ቦታውን የሰጠው እኮ ማኅበረሰቡ ራሱ ነው» አለኝ። አሳየኝ ብል ፋይል አወጣ። ቃለ ጉባኤው «የአካባቢው ሽማግሌዎች ቦታውን በምርቃት አስረክበዋል» ይላል። ከሥሩ ፊርማና የጣት አሻራ ተደርድሯል፤ የሼኩም የቄሱም አለበት።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የካምፑ አዛዥ መጀመሪያ ሲመጣ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ ተዋውቆ ነበር። እኔ ያን ቀን ሞተር ልሠራ ወርጄ አልነበርኩም፤ ብኖር ይህ ሁሉ ባልመጣ። ወሎዬ ደግሞ እንግዳ ሳይመርቅ አይሸኝም። እባብም ቤቱ ቢገባ መርቆ ሳያስወጣው አይቀርም።

በቀጣዩ የቅሬ ቀን፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በጋራ በሚቀብርበት ማኅበራችን ላይ፣ ቆሜ ጠየቅኳቸው።

«ኮረብታውን መርቃችሁ ሰጥታችኋል አሉ። እውነት ነው?»

ሼኩ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ኧረ አያ፣ እኛ ያልነው ‹አላህ ይባርክላችሁ፣ የሰላም ቦታ ይሁንላችሁ› ነው። እንግዳ ሳይመርቁ መስደድ አለ እንዴ?»

«መርቁ! የፈረማችሁትስ?»

«የመጣ ሰው ስም መዝገብ መስሎን ነው» አሉ ቄሱ።

«አባ፣ እርስዎ እንኳ ማንበብ ይችላሉ።»

«መነጽሬን አልያዝኩም ነበራ!»

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እህቴ አልጋ ላይ እያለች እነዚህ የሰውን መቃብር በትህትና አስረክበው ይሳሳቃሉ። የተናገርኳቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ አንዱ ዛሬም ሰላም አይለኝም፤ አልጎዳኝም።

ከዚያ ሥራ ጀመርኩ። ማመልከቻውን ጻፍኩ፤ ቤት ለቤት ዞሬ አስፈረምኩ። ከመፈረሙ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ሳያነብ የሚፈርም ሰው ጠግቤያለሁ። ወረዳው ወደ ዞን መራኝ፣ ዞኑ ወደ ካምፑ፣ ካምፑ መልሶ ወደ ወረዳው። ደብዳቤዬን ያነበበ አንድም የተማረ ሰው አላገኘሁም፤ ሁሉም ጥግ ላይ ማኅተም ፈልጎ ይመልሰዋል።

ሲሰለቸኝ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም አልኩ። የተወሰደብን በዱዓ ነው፤ የሚመለሰውም በዱዓ ነው። አዛዡን በአጥሩ በር ላይ ለምናደርገው ዱዓ ጠራሁት። መጣ፤ ደስ ብሎት ነው የመጣው፤ መመረቅ የማይወድ ሹም የለም። ያገሩ ሰው ሳሩ ላይ ተቀመጠ። ሼኩን አስቀድሜ አስጠንቻቸው ነበር።

«ለሙታን መንገድ የሚከፍት ሰው መንገዱ ይከፈትለት!» አሉ ሼኩ።

«አሜን!» አለ ሰዉ። አዛዡም አሜን አለ።

«ይህን በር ለቀብር የሚከፍት እጅ ይባረክ!»

«አሜን!» አለ አዛዡ፣ ከሁሉም ጮክ ብሎ።

እኔ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ እጽፍ ነበር። ሲያበቃ ተነሥቼ አነበብኩለት፦ አዛዡ በሕዝብ ፊት በሩ ለቀብር እንዲከፈት ሁለት ጊዜ አሜን ብለዋል።

«ምንድን ነው ይሄ አባቴ?» አለኝ።

«ቃለ ጉባኤ ነው። የእናንተም ፋይል የተጻፈው እንዲሁ ነው። ምርቃት ማስረከብ ከሆነ አሜንም መክፈት ነው። አይደለም ካልክ ደግሞ የፊተኛውም አይደለም።»

ወታደሮቹ ከኋላው ሳቁ። እሱ ግን ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ በዚህ አከበርኩት፤ ከዞን እስከ ወረዳ ሳይቸኩል ያነበበ እሱ ብቻ ነው። «ከሥልጠናው የቀረ ያልፈነዳ ነገር ሳይጸዳ አይሆንም» አለ። ይጽዳ አልኩ። ጸዳ፤ መንገዱም በነጭ ድንጋይ ተከለለ፤ በሩም ለቀብር፣ በየሐሙሱም ለዚያራ፣ ሙታንን ለሚጎበኝ፣ ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ አሁን «ዱዓችን ሠራ» እያሉ ያወራሉ። ቢሉም፣ ደብተሩ ያለው እኔ ጋ ነው።

እህቴ በመጀመሪያው ሐሙስ እስከ በሩ በባጃጅ፣ ከዚያ ትከሻዬን ተደግፋ ወጣች። ባሏ መቃብር ላይ ቁጭ ብላ አፈሩን ስትደባብስ ቆየችና ቀና አለች።

«ይሄን ሁሉ ብቻዬን ሠራሁ ልትል ነው።»

«ታዲያ ማን ሠራው?»

«እሺ፣ አንተ ነህ» አለች። በሕይወቷ አንድ ጊዜ ያመነችልኝ ያን ቀን ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሞተች።

እንግዲህ ሌላው የራሱ እንዳያደርገው የሠራሁትን ልዘርዝር።

የሐሰት ቃለ ጉባኤውን ከፋይል ውስጥ አገኘሁ።

ያገሩን ሰው ሳያነብ እንዳይፈርም አስተማርኩ፤ ቄሱም መነጽራቸውን በአንገታቸው ያንጠለጥላሉ።

ሹምን በገዛ አሜኑ ያዝኩ።

በሩን ለቀብር በማንኛውም ቀን፣ ለዚያራ በየሐሙሱ አስከፈትኩ። ከሽቦው ውስጥ የቀረው የከብቶቻችን ግጦሽ ገና ነው፤ እሱን ለመጠየቅ ወንድ ጠፍቷል፤ እኔው እጠይቃለሁ።

እህቴን ከባሏ ጎን ቀበርኩ። ቃሬዛውን ከአጥሩ በር እስከ ጉድጓዱ ድረስ፣ ተቀየር እያሉ ሲለምኑኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ትከሻ ሳልለውጥ ተሸከምኩ።