አባቴ ያጠራቀመው ነጥብ

ባዶ ዲፕ ፍሪዘር ከሞላው ይልቅ ይጮኻል። ይህን የማውቀው ከልጅነቴ ነው። ሰሞኑን የባለቤቴ ሺፍት ተቀንሶ፣ እኛም የፍሪዘራችንን ሥጋ አንድ በአንድ አውጥተን ጨርሰን፣ ልብስ ላጥብ ብዬ ቤዝመንት ስወርድ ያንን ጉርምርምታ ሰማሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሬድስቶን ሰፈር ያለው ቤቴ ከፊቴ ጠፍቶ በልጅነቴ ፓይንሪጅ ሰፈር የነበረው ታውንሃውሳችን መጣብኝ፤ የእናቴ ሳል፣ የአባቴ እርጥብ ቦት ጫማ፣ የታናናሾቼ ጭቅጭቅ። እኔ ትምህርት ብዙ አልገፋሁም፤ እናቴ ቢሮ ልታጸዳ ስትወጣ ልጆቹን የምይዘው እኔ ስለነበርኩ ሃይስኩልን ደጁን እንጂ ውስጡን አላወቅሁትም፤ ይህችንም የምጽፈው አባቴ በብርዱ ወራት አጠገቡ አስቀምጦ ባስቆጠረኝ ፊደል ነው። እንግዲህ እንደመጣልኝ ልናገር።

አባቴ የነዳጅ ቧንቧ የሚበየድበት ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራ ነበር። እዚያ ዴል የሚባል ጢሙ የቀላ ፈረንጅ ጓደኛ ነበረው፤ በቋንቋ ብዙም ሳይግባቡ በጥቅሻና በሳቅ ይዋደዱ ነበር። አባቴ በአገሩ ወታደር ስለነበር ዒላማ አይስትም፤ ዴል ይህን ባወቀ ጊዜ ወደ አደን ሳበው፣ ኮርሱንም ፈቃዱንም አብሮት እየሄደ አስጨረሰው። በዚህ አገር ግን ኤልክን፣ ያንን በሬ የሚያክል ቀንዳም አጋዘን፣ ዝም ብሎ ማደን አይቻልም፤ ዕጣ አለው። ሰው በየዓመቱ በጋው ሲገባ ከፍሎ ዕጣው ውስጥ ይገባል፤ ካልወጣለት ነጥብ ይያዝለታል፤ ነጥብ ያጠራቀመ ለከርሞ ከሌላው ይቀድማል። ዕጣው በወጣለት ጊዜ ደግሞ ነጥቡ በሙሉ ይሰረዝና፣ ቢገድልም ባይገድልም፣ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አባቴ ነገሩ የገባው በእቁብ ነበር። «እቁብ እኮ ነው፤ ተራ ይደርሳል» ይል ነበር።

ጎረቤታችን ጋሽ ወልዱ፣ አስመራ በአማርኛ የተማሩ ሽማግሌ፣ በየበጋው አጥራችን ላይ ተደግፈው በአባቴ በበላይ ይቀልዱ ነበር።

«በላይ፣ ዘንድሮም አየር ገዛህ?»

«ነጥብ ነው የገዛሁት፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ነጥቡን በእንጀራ ጠቅልለህ አጉርሰና! እኔ እንዲህ ያለ እቁብ አላየሁም፤ ዳኛው መንግሥት፣ ዕጣው ደግሞ ጫካ ለጫካ የሚሮጥ።»

አባቴ ይስቅ ነበር። እናቴ ግን አትስቅም ነበር፤ ለአየር የሚከፈለው ለልጆች ጫማ ቢሆን ትወድ ነበርና በር ላይ ቆማ ታዳምጥና ወደ ውስጥ ትመለስ ነበር።

ከዚያ የነዳጅ ዋጋ ወደቀ፣ ወርክሾፑ ተዘጋ፣ አባቴም ዴልም በአንድ ቀን ሌይ ኦፍ ተደረጉ። ሰፈራችን ውስጥ ቀን ቀን ቤት የሚውሉ ወንዶች በዙ፤ መኪና በሌለበት ፓርኪንግ ቆመው ሲያወሩ ይውሉ ነበር፤ እናቴም ድስት ከፍታ ዓይኗን ወደ እኛ ሳታነሳ ማካፈል ጀመረች። በዚያው በጋ የአባቴ ዕጣ ወጣ። ስንት ዓመት የተሾፈበት ነጥብ የአንድ ክረምት ሥጋ ሆኖ ሊገባ ነው ብለን እኛ ልጆች ዘለልን። እናቴ ብቻ ጎመን መክተፏን ሳታቆም ጠየቀችው።

«ሰኮናው ስንጥቅ ነው?»

«ስንጥቅ ነው።»

«ያመሰኳል?»

«እንደ በሬ።»

«እሺ፣ ጥሩ። ግን በጥይት ከሞተ በክት ነው። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰህ በስመ አብ ብለህ ካረድከው እሠራዋለሁ። ካልሆነ ድስቴን አይነካም።»

«አንቺ ሴት፣ ጥይት እኮ ነው! ቆሞ ይጠብቀኛል?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ፤ ወታደር ነኝ አይደል የምትለው?»

አባቴ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። እናቴ ክፉ ሆና አይደለም፤ ከምግብ በቀር በእጇ የቀረ የምታዝበት ነገር አልነበራትም። እንዲያውም ከተስማማች በኋላ ከእሱ በላይ ተነሣች፤ ቅርጫ ይሆናል ብላ ለጎረቤት ነገረች፣ በርበሬ አዘጋጀች፣ ለቋንጣው ቤዝመንት ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ አስወጠረችን።

ቅጠሉ ረግፎ የመጀመሪያው በረዶ ኮረብታውን ሲነካካው ወጣን። እኔን የወሰዱኝ ለአስተርጓሚነት ነበር። በዴል አሮጌ ፒክአፕ መሀል ተቀምጬ፣ በአንድ ጎኔ ትምባሆ በሌላው የጠመንጃ ዘይት እየሸተተኝ፣ ወደ ተራሮቹ ሄድን፤ አባቴ የእናቴን ትልቁን ቢላዋ በጨርቅ ጠቅልሎ ወገቡ ላይ ታጥቆ ነበር። ጎህ ሲቀድ ከጥዶቹ ሥር በደረታችን ተኝተን ሳለ ኤልኩ ብቻውን ወደ ሜዳው ወጣ፤ ቀንዱ የደረቀ ዛፍ ይመስላል። ዴል የራሱን ብብት በጣቱ ነክቶ አሳየው፤ እዚህ ጋ፣ ልቡን፣ ማለቱ ነው። አባቴ ራሱን ነቀነቀለትና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «የኋላ እግሩን ነው የምመታው፤ በሕይወቱ እንድደርስበት» አለኝ።

ተኮሰ። ኤልኩ በዳሌው ቁጭ አለ። አባቴ ጠመንጃውን ለዴል አስይዞ፣ ቢላዋውን ከጨርቁ መዝዞ፣ «በስመ አብ ወወልድ!» እያለ ቁልቁል ሮጠ፤ ልክ እንደ ሠርግ ቤት አራጅ ኮቱ ከኋላው ሲውለበለብ አይቼ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ሊደርስበት ትንሽ ሲቀረው ኤልኩ ተነሣ። በሦስት እግሩ፣ አራተኛውን እየጎተተ፣ ቁጥቋጦውን ሰብሮ ገባ። አባቴ ጸሎቱን ሳያቋርጥ ተከተለው፤ ከዚያ ድምፁ ራቀ፣ ከዚያ ጠፋ።

ቀኑን ሙሉ የደም ጠብታ እየተከተልን ፈለግነው። ዴል በየመሀሉ እየተንበረከከ ቅጠል ያገላብጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ በረዶው ጠንከር ብሎ ደሙንም ዱካውንም ሸፈነው። በአዳኞች ዘንድ አቁስሎ መተው ትልቅ ነውር መሆኑን የዚያን ዕለት ከዴል ፊት ተማርኩ።

«አባትሽን ጠይቂልኝ፤ ልቡን እያሳየሁት ለምን ዝቅ አድርጎ መታው?» አለኝ።

ተረጎምኩ። አባቴ ቢላዋውን መልሶ በጨርቁ ይጠቀልል ነበር።

«እጄ ተንቀጠቀጠ በይው።»

«አባዬ፣ እጅህ እኮ አልተንቀጠቀጠም።»

«በይው አልኩሽ!»

አልኩት። ዴል የአባቴን እጅ ትክ ብሎ አየና፣ «ይህ ሰው ሲበይድ እጁ ሲነቃነቅ አንድ ቀን አላየሁም» አለ። እሱንም ለአባቴ ተረጎምኩ፤ የአስተርጓሚ ሥራው ያ ነው። አባቴ ፊቱን ወደ ጫካው አዞረ። ዒላማ አይስትም የሚባል ሰው፣ ስለ እምነቱ ከሚያስረዳ ይልቅ ፈሪ መባልን መረጠ፤ በእኔ አፍ።

ቤት ስንደርስ እናቴ የወጥ ቤቱን ወለል ላስቲክ አንጥፋበት፣ ቢላዋዎቹን ደርድራ ትጠብቅ ነበር። ጋሽ ወልዱም የቅርጫ ድርሻቸውን ሊወስዱ ሳፋ ይዘው መጥተው ነበር።

«እህ፣ በላይ! ኩላሊቱ የኔ ነው፣ ቀድሜ ተናግሬያለሁ!» አሉ ገና ከበሩ።

አባቴ ቦት ጫማውን ለመፍታት አጎንብሶ ቀረ። ጋሽ ወልዱ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሳፋውን ቀስ አድርገው ካፖርታቸው ሥር ሸሸጉና፣ «ግድ የለም፣ እናንተ በደህና መጣችሁ» ብለው ወጡ። እናቴ «ምን ሆነ?» ብላ ሳትጠይቅ ላስቲኩን ማጠፍ ጀመረች። ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር መሰለኝ። ከፊቷ የበለጠ አንገቷ ነው ትዝ የሚለኝ፤ ቀልቶ ነበር።

በገናው ጾም መሀል፣ በረዶው ቤታችንን እስከ መስኮት በሸፈነው ሰሞን፣ ዴል በካርቶን ሙሉ በወረቀት የተጠቀለለ ሥጋ ደጃችን ላይ አስቀምጦ፣ ደወል ደውሎ፣ እስክንከፍት ሳይቆይ ሄደ። ኋላ እንደሰማነው እሱ ራሱ የገደለው ሚዳቋ ነበር፤ አንድ ጊዜ፣ ልቡ ላይ የተመታ። እናቴ ካርቶኑን ብዙ ቆማ አየችው። ከዚያ ተሸክማ ወርዳ ፍሪዘሩን ከፍታ አስገባችው።

ለገና ሠራችው። ጠረኑ ከበግ የተለየ ነበር፣ ጫካ ጫካ ይላል፤ ወንድሞቼ ግን እየተሻሙ በሉ። አባቴ ጉርሻውን አንሥቶ ያዘና፣ «ማን ባረከው?» አላት፣ ረጋ ብሎ።

«ረሃብ ባረከው» አለች እናቴ፣ ሳታየው።

አባቴ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው። ቆየና አነሣው፣ በላም። ያን ጊዜ የተሰማኝን እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገርኩም፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ሲያኝኩ እኔም ሥጋው እየጣመኝ አፈርኩ። ኤልኩ በሦስት እግሩ ጫካ ገብቶ የሞተው ለምን እንደሆነ ጠፋኝ። የዚያ ሁሉ ዓመት ነጥብ የባከነበት የእናቴ የእርድ ሕግ ገናን እንኳ አላለፈም። በሚቀጥለው በጋ አባቴ ነጥብ አልገዛም፤ ጋሽ ወልዱም አጥሩ ላይ ተደግፈው ስለ ዝናብ ብቻ ያወሩት ነበር።

ይኸው ደግሞ ዘመኑ ከፋ። ልጄ ናታን ከጓደኞቹ ተምሮ፣ በስልኩ እየከፈለ፣ የኤልክ ነጥብ ሲያጠራቅም ቆይቷል። እኔ ጠመንጃ እፈራለሁ፣ የጫካ መንገድ እፈራለሁ፣ የቤታችን ነገርም ያስፈራኛል፤ እሱ ይህን አያውቅም። ከደረጃው ላይ ሳልነሣ ከላይ ጠራኝ።

«ማሚ፣ ዘንድሮም ልክፈል? ኦነስትሊ፣ ዎርዝ ኢት ነው፣ ያዋጣል ትያለሽ?»

ዕጣ የወጣለት ቤት አስቀድሞ ካልተስማማ ነጥብ ምንም አይጠቅምም ልለው ፈለግሁ። ያኔ እየተራብን እንኳ ማን እንዳረደው እንጠይቅ ነበር፤ አሁን የዋጋ ቅናሽ የተለጠፈበትን ሥጋ ከሱቅ አንሥቼ ስመጣ ማን እንደገደለው፣ ማን እንደባረከው አስቤም አላውቅ። የትኛው እንደሚያሳፍር እንጃ።

«ክፈል፤ ተራህ ሲደርስ ግን ልቡን ምታው» አልኩት። «ማን ባረከው ለሚል እኔ እመልስለታለሁ።»

እንዲህ የሚለው ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ከላይ ጣቱ ስልኩን ሲነካካ ተሰማኝ።