ቆርጬ የሰቀልኩት ምርቃት

ለንስሐ አባቴ ስንቱን ተናዝዣለሁ፤ ይቺን ግን ሁልጊዜ ዘልያት ነው የምመለሰው። ምን ብዬስ ልንገራቸው? «አባ፣ የሰው ምርቃት ቆርጬ ነገድኩበት» ይባላል?

ጌጃ ሰፈር ቁጭ ብዬ ከቻይናና ከቱርክ ዕቃ የማስመጣ ሴት ነኝ። ሱቅ የለኝም፤ ያለኝ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። መጀመሪያ ሁሉም ይጽፍበት ነበር። አንዷ «ጫማው ጠበበኝ» ስትል ሌላዋ «የኔም» ትላለች፤ ከዚያ ለቀናት ገዢ ይጠፋል። ስለዚህ ከእኔ በቀር ማንም እንዳይጽፍ ዘጋሁት። ቅሬታ ያላት በውስጥ መስመር ታናግረኛለች፤ እያንዳንዷ የከፋት እሷ ብቻ ይመስላታል። ያመሰገነችኝን ግን አደባባይ አወጣታለሁ። ይህን ተንኮል ማንም አላስተማረኝም፣ ከራሴ ነው።

እትዬ ብርቄ ጎረቤቴ ናቸው። በየወሩ የልደታ ማኅበራችን ሲያበቃ መርቀው የሚያሰናብቱን እሳቸው ስለሆኑ ድምፃቸውን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። የጉልበት ማሰሪያ አስመጣሁላቸውና ተስማማቸው። መጻፍ ስለማይሆንላቸው በድምፅ ላኩልኝ፦ «ልጄ፣ ይሄ ማሰሪያ ጉልበቴን ደገፈልኝ፤ ቆሜ አስቀደስኩ። እጅሽ ይባረክ፣ የነካሽው ሁሉ ይለምልም።»

እኔ ምን አደረግኩ? የጉልበቱን ወሬ ቆረጥኩት። ምርቃቱን ብቻ አስቀርቼ፣ ሳላስፈቅዳቸው፣ ግሩፑ አናት ላይ ሰቀልኩት። ለሽቶውም፣ ለድስቱም፣ በዓይኔ ላላየሁት ዕቃ ሁሉ የእትዬ ብርቄ ድምፅ ዋስ ሆነ። ባሕር ማዶ ያለ ዕቃ ተዳብሶ አይታይ፤ ሰው የሚያውቀው ድምፃቸውን ነው። ድምፃቸውን አምኖ ገዛ።

የማኅበራችን አባል አስካለ የልጇን ቬሎ በእኔ በኩል አዘዘች። ሠርጉ ሊደርስ ሲል መጣ፤ ጀርባው አይዘጋም፣ ጨርቁም እንደ አጎበር ያሳያል። በውስጥ መስመር ለመነችኝ፤ «አይመለስም» ብዬ ዘጋኋት። ግሩፑ ላይ እንዳትናገር አፏን አስሬዋለሁ። የት ትሂድ? እትዬ ብርቄ ቤት ሄደች። ድምፁን አሰማቻቸውና «እርስዎ መርቀውት የለ ብዬ እኮ ነው ያመንኩት» ብላ አለቀሰችባቸው። ልጅቷ በኪራይ ቬሎ ተዳረች።

ሰፈሩ «እትዬ ብርቄ ተከፍሏቸው ነው» አለ። ሰማሁ። ድምፁን ግን ከግሩፑ አናት አላወረድኩትም።

በቀጣዩ ማኅበር ሁላችን ለምርቃት ስንነሣ እሳቸው ከተቀመጡበት አልተነሡም። «ዛሬስ ሌላ ሰው ይመርቅ፤ የእኔን ማን ያምናል» አሉ። ቆራጩ ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ላለማዋረድ ብለው ስሜን አልጠሩም። እዚያው «እኔ ነኝ» ብል ምን ነበረበት? ገበያዬ ይዘጋል ብዬ ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ አልፈልግምም።

ዛሬ ድምፁን አጥፍቻለሁ። ግሩፑንም ከፍቼዋለሁ፤ የከፋው ይጽፋል። ገበያው ቀዝቅዟል፣ ይቀዝቅዝ። ለእሳቸው ግን ይህ ምን ይረባቸዋል? ከዚያ ወዲህ ማንንም መርቀው አያውቁም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ይስሙኛል፣ «ደህና ነሽ ልጄ?» ይሉኛል፤ እዚያ ላይ ያቆማሉ።

የሚመጣው ማኅበር እኔ ቤት ነው። ዳቦው ሳይቆረስ፣ አስካለም ባለችበት፣ ቆሜ እናገራለሁ። ከዚያ እትዬ ብርቄ እግር ላይ እወድቃለሁ። እኔን እንዲመርቁኝ አልለምናቸውም። ማኅበርተኞቹን ግን እንደ ድሮው ይመርቁልኝ።