አባቴና የሒሳብ አስተማሪዬ የተገናኙ ቀን

ባለፈው ሳምንት መሳቢያ ሳጸዳ አንድ አሮጌ የካርቦን ወረቀት እጄ ገባ። ጣቶቼ ሰማያዊ ሆኑ፤ ያ ዘይት ዘይት የሚለው ሽታው አፍንጫዬን ሲነካኝ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። በዚህ ዕድሜ መቀመጡ ቀላል ነው፤ መነሳቱ ነው ከባዱ። እስክነሳ ድረስ ልንገርሽ።

ያደግሁት ሰበታ ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ። ነፋስ ሲነሳ የአረቄ ፋብሪካው ሽታ እስከ ክፍላችን ይገባ ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ በሒሳብ ማን ይችለኛል! ህንዳዊው አስተማሪያችን ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሳይጨርስ መልሱ ደብተሬ ላይ ነበር። ጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ጉራ ነው። መሐንዲስ እሆናለሁ ብዬ ወስኜ ነበር፤ እንዳይስቁብኝ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

አባቴ ገበሬ ነበሩ። ከአንድ ባለርስት ጋር በመሬት ሲከራከሩ ነው እኔ የተወለድኩት። ፍርድ ቤት በአማርኛ፣ ያውም በመኪና ያልተጻፈ ማመልከቻ አይቀበልም ይባል ነበር፤ የአባቴ አማርኛ ደግሞ ከገበያ አያልፍም። ስለዚህ በቀጠሮ ቁጥር ደጃፉ ላይ የጽሕፈት መኪናውን ዘርግቶ ወደሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ተከትያቸው ሄድኩ። አባቴ ስለ ወሰኑ፣ ስለ ምንጩ፣ ስለ አያታቸው መቃብር በኦሮምኛ ብዙ ተናገሩ። ሰውየው ግማሹን ሰምቶ ሦስት መስመር መታና "በቃ" አላቸው። አባቴ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። የቀረው እዚያ የተጻፈ መስሏቸው ነበር።

በዚያው ዓመት የትምህርት ምርጫ ቅጽ ታደለን። ከአሥራ አንደኛ ክፍል ጀምሮ ወይ ሳይንስ ወይ ንግድ ሥራ ነው። ንግድ ሥራ የገባ የጽሕፈት መኪና ይማራል፤ ሒሳብን ግን እዚያው ይሰናበታል። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በማትሪክ ሒሳብ ያላለፈን፣ ሌላው ውጤቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አይቀበልም። እኔ ይህን አውቅ ነበር። አባቴ የሚያውቁት መኪና የተማረች ልጅ ማመልከቻ እንደምትጽፍ ብቻ ነው።

የሒሳብ አስተማሪው አባቴ ንግድ ሥራ እንደፈለጉ ሲሰማ ወላጅ አምጪ አለኝ። አባቴ ከፍርድ ቤት በቀጥታ መጡ፤ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሷል፤ ቀጠሮው እንደገና መተላለፉን ፊታቸው ይናገራል። አስተማሪው የሚያውቀው እንግሊዝኛ፣ አባቴ ኦሮምኛ። መካከላቸው እኔ ቆምኩ።

"ንግድ ሥራ ከገባች ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር አበቃላት። በደንብ ንገሪያቸው" አለኝ አስተማሪው።

አባቴ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን አለ? መኪናውን ብትማሪ የሚቀርብሽ ነገር አለ? ካለ የእኔ ጉዳይ ይቅር። እውነቱን ንገሪኝ።"

ያ ገልብጠው ያዩት ወረቀት ትዝ አለኝ።

"ምንም አይቀርብኝም፤ ሁለቱም ይቻላል ነው የሚለው" አልኳቸው። ወደ አስተማሪው ዞሬ ደግሞ "ገብቷቸዋል፤ ቢሆንም ንግድ ሥራ ይሁን ብለዋል" አልኩ። አባቴ "ገለቶማ፣ ገለቶማ" እያሉ ለማመስገን እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። እሱ እጁን ቶሎ ነጠቃቸው።

ሁለት ዓመት የአባቴን ማመልከቻ በትምህርት ቤቱ መኪና ጻፍኩ፤ ምንጩንም መቃብሩንም፣ አንዲት ቃል ሳልቀንስ። ሲነበብላቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔ ደስተኛ ነበርኩ።

ከዚያ የማትሪክ ውጤት መጣ። ጥሩ ነበር፤ ግን ሒሳብ የለበትም። ከደብተሬ ይገለብጡ የነበሩት ልጆች ዩኒቨርሲቲ ተጠሩ፣ እኔ ቀረሁ።

አባቴ ነደዱ። "አስተማሪው ይቻላል ብሏል! እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ። አቤቱታ ጻፊ!" አሉ። አስተማሪው አገሩ ገብቷል። ጻፍኩት። ውሸቴን በካርቦን ዋናውንና ቅጂውን አድርጌ፣ የማኅተሙን ቦታ ሳልረሳ ጻፍኩት።

ይዘውት አዲስ አበባ ሄዱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሱና ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ኦሮምኛ የሚችል አንድ የቢሮ ሠራተኛ አስረድቷቸዋል፤ ደንቡ ያኔም ይኸው ነበር፣ የማያውቀው አስተማሪም የለም።

"ያ ሰው ይቻላል አላለም፣ አይደል?"

"አላለም።"

ቢቆጡኝ፣ ቢመቱኝ ምንኛ በወደድኩ። "እውነቱን ንገሪኝ ብዬሽ ነበር" አሉ ብቻ፣ ቀስ ብለው።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ወረቀት ገዝቼ፣ መኪናውን አስፈቅጄ ጠበቅኋቸው። ማለዳ ጋቢያቸውን ደርበው ባጠገቤ አለፉና ወደዚያ ሦስት መስመር ወደሚጽፈው ሰውዬ ሄዱ። ስላላመኑኝ ይሁን፣ ለእሳቸው ስል ያጣሁትን ማየት ከብዷቸው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እስኪሞቱ ድረስ አንዲት ቃል አላስጻፉኝም።